የቤዜ ፍሬት ኖታ ይገድላል፤ ራሴ ልሞርደው ወይስ ይቅርብኝ?

ቤዝ_በሸገር | ኅዳር 9

ሰላም ለዚህ ቤት። ባለ 4 ክር ቤዝ ጊታር አለኝ (ክሮቹ ከወፍራሙ ጀምሮ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ ናቸው)፤ ያገለገለ ገዝቼው ከእኔ ጋር 9 ዓመት ሆኖታል። በሳምንት አራት ማታ ሥራ ላይ ነው። አሁን ሁለት ቦታ አስቸግሮኛል። አንደኛው ጂ ክር ላይ 14ኛውን ፍሬት (አንገቱ ላይ አግድም ከተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች አንዱን) ስጫን ነው፤ ኖታው ይነሳና ሳይቆይ ይሞታል። ሁለተኛው ኢ እና ኤ ክር ላይ 5ኛና 7ኛ ፍሬት ነው፤ ዝዝ የሚል የብረት ድምፅ አለው፣ በአምፕ ውስጥ ሳይቀር ይሰማል። ፈጣን ነገር ስንጫወት ሰው አያስተውለውም። ዝግ ያለ ትዝታ ላይ ግን ዘፋኙ ቃሉን እስኪጨርስ አንድ ኖታ ይዤ መቆየት አለብኝ፤ ያኔ ነው ከእጄ የሚያመልጠኝ።

ብሪጁን (ክሮቹ ገላው ላይ የሚያርፉበትን) ከፍ አድርጌ ለማለፍ ሞክሬ ነበር። አሁን 12ኛ ፍሬት ላይ ኢ ክር ከፍሬቱ 3.5 ሚ.ሜ ርቋል፤ ሁለተኛው ዙር ላይ ግራ እጄ ይዝላል።

ስለዚህ ፍሬቶቹን ራሴ ሌቭል ላደርግ፣ ማለትም አናታቸውን ሞርጄ እኩል ላደርግ አስቤያለሁ። ወንድሜ ግንበኛ ነው፣ 60 ሳንቲሜትር ውሃ ልክ አለው፤ ከሥሩ የብርጭቆ ወረቀት ለጥፌ ላስኬድበት ነው። ሞረድም ገዝቻለሁ። ያደረጋችሁት ካላችሁ ምከሩኝ፤ ቅዳሜ ልጀምር ነው።

የኮልፌ_ጊታር | ኅዳር 9

ወንድሜ፣ እኔ ከሦስት ዓመት በፊት ጊታሬን አንድ ጥገና ቤት ሰጥቼ ፍሬቱን አስተካክለው መለሱልኝ። ዝዝ ማለቱ ቆመ። ግን ከዚያ ወዲህ ጊታሩ ከራሱ ጋር አይስማማም። ባዶውን ክር ቃኝቼ ልክ ይሆናል፤ ስጫነው በአንዳንድ ፍሬት ላይ ትንሽ ወደ ላይ ይሸሻል። ከኪቦርድ ጋር ስጫወት በጣም ይሰማኛል። ፍሬቶቹ አናታቸው ጠፍጣፋ ሆኗል። በዚህ ምክንያት ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።

እንጨትና_ክር | ኅዳር 10

ቤዝ በሸገር፣ ልጄ፣ ቅዳሜ አትጀምር። የተሞረደ ፍሬት ተመልሶ አይበቅልም። ሞረዱን ከመንካትህ በፊት ጥፋቱ የት እንዳለ በቁጥር ማወቅ አለብህ። የክር መንጫጫት ሁሉ የፍሬት ጥፋት አይደለም፤ እኔ ዘንድ ከሚመጡት መሣሪያዎች ብዙዎቹ አንድ ፍሬት ሳይነካባቸው ድነው ይመለሳሉ።

እንዲህ ለየው። ባዶው ክር ብቻ ከተንጫጫ ነቱ (በአንገቱ ጫፍ ክሮቹ የሚያልፉበት ቁራጭ) ነው፤ ክሩ የሚቀመጥባት ቦይ ጠልቃለች። ከ1ኛ እስከ 5ኛ ባሉት ሁሉ ላይ ከሆነ አንገቱ ከልክ በላይ ቀጥ ብሏል ወይም ወደ ኋላ ጎብጧል። ከ12ኛ በላይ ባሉት ሁሉ ላይ ከሆነ አንገቱ ወደ ፊት ጎንብሷል፣ ወይም ከገላው ጋር በሚጋጠምበት ቦታ እንጨቱ አብጧል። አንድ ቦታ ብቻ ከሆነ ደግሞ ሁለት ነገር ጠርጥር፦ ከተጫንከው ቀጥሎ ወደ ብሪጁ ያለው ፍሬት ከፍ ብሏል፣ ወይም የተጫንከው ራሱ ተበልቶ ዝቅ ብሏል። አንተ ሁለቱም ያለህ ይመስለኛል፤ እንለካ።

ቤዙን ቃኘውና ስትጫወት እንደምትይዘው ያዘው። ጠረጴዛ ላይ በጀርባው አታስተኛው፤ የቤዝ አንገት ረጅም ስለሆነ ከሥሩ ያስቀመጥከው ትራስ ራሱ ልኩን ያዛባል። ኢ ክርን 1ኛ ፍሬት ላይ በካፖ (ክር ተጭኖ በሚይዝ መቆንጠጫ) እሰር፣ የመጨረሻውን ፍሬት በእጅህ ተጫን። ክሩ አሁን ቀጥ ያለ ማስመሪያ ሆነልህ ማለት ነው። 7ኛና 8ኛ ፍሬት ላይ ከክሩ ሥር ያለውን ክፍተት ለካ። መካኒክ ወዳጅ ካለህ ቫልቭ ሲያስተካክል የሚለካባቸውን ስስ የብረት ቅጠሎች ተዋሰው። ከሌለህ አንድ የፎቶኮፒ ወረቀት 0.1 ሚ.ሜ ገደማ ነው፣ የባንክ ካርድ 0.76 ሚ.ሜ ነው። ለቤዝ 0.3 ሚ.ሜ አካባቢ፣ ሦስት ወረቀት ማለት ነው፣ ይበቃዋል።

ከዚያ 5ኛውንና 7ኛውን ፍሬት ከክሩ ሥር እይልኝ። ጉድጓድ አላቸው?

የኮልፌው ልጅ፣ ያንተ ምክንያቱ ግልጽ ነው። የፍሬት አናት ክብ ሲሆን ክሩ የሚነካው መሐል ላይ ነው፣ የፍሬቶቹ ርቀትም የተሰላው ከዚያ መሐል ነው። አናቱ ጠፍጣፋ ሲሆን ክሩ የሚለቀቀው በብሪጁ በኩል ካለው ጠርዝ ነው። ፍሬቱ 2.5 ሚ.ሜ ስፋት ቢኖረው የሚንዘረው ክር ከ1 ሚ.ሜ በላይ አጠረ ማለት ነው፤ ስለዚህ ድምፁ ከልኩ ወደ ላይ ይወጣል። ከፍታ ከተረፈው አናቱ እንደገና ሊከበብ ይችላል፣ ጊታርህን አትጣለው።

ቤዝ_በሸገር | ኅዳር 10

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለካሁት። የባንክ ካርዴ ክሩን ትንሽ እየነካ ገባ! ስድስት ወረቀት ተደራርቦ ያልፋል፣ ሰባተኛው ይነካል። ማለትም 0.6 እና 0.7 መካከል ነው።

5ኛና 7ኛ ፍሬት ላይ ከኢ እና ከኤ ክር ሥር ጉድጓድ አለ፤ በጥፍሬ ስሄድበት ይይዘኛል። 6ኛው ደህና ነው ማለት ይቻላል። የምንጫወተው አብዛኛው ነገር ከኤ እና ከቢ ስለሆነ ይመስለኛል።

እንጨትና_ክር | ኅዳር 10

ይኸው፣ ግማሹ ተገኘ። አንገትህ ከሚገባው እጥፍ ጎንብሷል፤ ብሪጁን ከፍ ያደረግከውም ለዚህ ነው፣ እጅህ የሚዝለውም ለዚህ ነው። ትረስ ሮዱን (አንገቱ ውስጥ ያለውን የማቃኛ ብረት ዘንግ) አጥብቀው። ክሮቹን ትንሽ አላላ፣ ቁልፉ በትክክል የሚገጥም መሆኑን አረጋግጥ፣ ወደ ሰዓት አቅጣጫ ሩብ ዙር ብቻ። መልሰህ ቃኝ፣ ለካ፣ እንዲያድር ተወው። ነገ ካልበቃ ሌላ ሩብ ዙር። ጠንክሮ እምቢ ካለህ አታስገድደው።

የ5ኛውና የ7ኛው እውነተኛ የፍሬት ሥራ ነው። ፍሬቱ ተበልቷል፣ ጎረቤቱ አልተበላም፤ 5ኛውን ስትጫን ክሩ ከ6ኛው ጋር ይጋጫል። 14ኛውን ገና አላወቅነውም።

ማሲንቆ_እና_አምፕ | ኅዳር 11

ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ። በገና የሚደረድር ዘመድ አለኝ። በገና ላይ ይህንኑ ድምፅ ፈልገን ነው የምናመጣው፤ በእያንዳንዱ ክርና በብሪጁ መካከል እንዝራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ ትገባለች፣ ቦታዋን ጥቂት ገፋ ሳብ በማድረግ ክሩ እንዲነዝር ይደረጋል። አሥሩም ክር እኩል እንዲነዝር ሲያስተካክል ግማሽ ሰዓት ሲፈጅ አይቻለሁ። ይህን ያነሳሁት ለምን መሰላችሁ፣ ክሩ ምን ያህል ከሚነካው ነገር ጋር ይቀራረባል የሚለው ጥያቄ በሁለቱም አንድ ነው። ወረቀት የማትገባበት ልዩነት ድምፁን ሌላ ያደርገዋል።

ቤዝ በሸገር፣ ፍሬቱን ሙሉ በሙሉ ነቅለህ ፍሬት አልባ ማድረግ አላሰብክም? ክራርም ማሲንቆም ፍሬት የላቸውም፤ አንቺሆዬን በፍሬት ስትጫወት አንዳንዱ ድምፅ የሚፈልገው ቦታ ላይ አይቀመጥም።

ቤዝ_በሸገር | ኅዳር 11

የእንዝራውን አላውቅም ነበር፣ ደስ ብሎኛል። ፍሬት አልባ ግን ለዚህ ቤዝ አይሆንም። ሊዮ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1951 ያወጣውን ቤዝ «ፕሪሲዥን» ያለው በፍሬቱ ምክንያት ነው፤ ቆሞ የሚጫወት ሰው ጆሮውን አምፕ እየሸፈነበት እንኳ ልክ ድምፅ እንዲያገኝ። እኔ የምጫወትበት ቦታ ሞኒተር (የራሴን ድምፅ የሚያሰማኝ ስፒከር) የለም፣ ከበሮው ጆሮዬ ሥር ነው። ፍሬት ያስፈልገኛል።

እንጨትና_ክር | ኅዳር 11

ፍሬት አልባ ደግሞ ከሌቭል አያድንም፣ ይብሳል እንጂ። እንጨቱ ራሱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ደልዳላ መሆን አለበት።

ከሲልቨር_ስፕሪንግ | ኅዳር 12

እኔ ያለሁት ሜሪላንድ ነው፤ የራሴንና የጓደኞቼን ጊታሮች ራሴ ነው የምሠራው። ስለ 14ኛው ፍሬት የሚከተለውን ሞክር። ከብረት ማስመሪያ ቁራጮች ቁረጥ፤ ጠርዛቸው ፍጹም ቀጥ ያለ ይሁን። ሥራቸው ሦስት ፍሬት ላይ ብቻ መቀመጥ ነው። ሦስቱም እኩል ከሆኑ ቁራጩ ጸጥ ይላል፤ መሐለኛው ከፍ ካለ እንደ ሚዛን ወዲያና ወዲህ ይላል፣ ቀጭ ቀጭ ሲል ትሰማዋለህ።

ርዝመቱ ወሳኝ ነው፣ ምክንያቱም ፍሬቶቹ ወደ ብሪጅ በኩል እርስ በርስ እየተቀራረቡ ይሄዳሉ። ክሩ ከነት እስከ ብሪጅ 864 ሚ.ሜ በሆነ ቤዝ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ፍሬት 89 ሚ.ሜ ገደማ ነው፣ ከ14ኛ እስከ 16ኛ ግን 42 ሚ.ሜ ብቻ። ስለዚህ አንድ 10 ሳንቲሜትር ለታች፣ አንድ 5 ሳንቲሜትር ለላይ፣ ለመሐሉ አንድ 7 ሳንቲሜትር ይኑርህ። አራት ፍሬት ከነካ መልሱ ይዋሽሃል። በእያንዳንዱ ክር ሥር ለየብቻ ሞክር፤ ፍሬት በአንድ ጎኑ ብቻ ከፍ ሊል ይችላል።

ጊታሪስቷ | ኅዳር 12

እኔ ከሁላችሁም ትንሽ ልለይ። አንድና ሁለት ፍሬት ብቻ ከፍ ካሉ ለምን 20ውም ይሞረዳል? እነሱን ብቻ ለይቶ ዝቅ አድርጎ አናታቸውን መልሶ መክበብ ይበቃል። እኔ ሁለት ጊታር እንዲህ ሠርቻለሁ፣ እስካሁን ንጹሕ ናቸው። እዚህ አገር ፍሬት ማስቀየር ቀላል አይደለም፤ ሽቦውም በቀላሉ አይገኝም። ያለንን ብረት መቆጠብ አለብን።

እንጨትና_ክር | ኅዳር 12

ልጄ፣ ልክ ነሽ፤ ችግሩ ከፍ ያለ ፍሬት ሲሆን ልክ ነሽ። የተበላ ፍሬት ሲሆን ግን አይሠራም። 5ኛው ዝቅ ካለ 6ኛውን ወደ እሱ ታወርጂዋለሽ፣ ከዚያ 7ኛው ለ6ኛው ከፍ ይላል፣ እሱን ስታወርጂ 8ኛው ይጠይቅሻል። እስከ ጫፍ ይወስድሻል። ያኔ ሁሉንም በአንድ ቀጥ ያለ ነገር አብሮ መውሰድ ይሻላል፣ የሚወጣውም ብረት ያነሰ ነው።

ስለ ብረት ቁጠባ ያልሽውን ግን ሁሉም ይስማው። ቤዝ በሸገር፣ ካሊፐር ፈልግና የፍሬቱን ከፍታ ከእንጨቱ ለካ፣ ጉድጓዱ ውስጥም ከጉድጓዱ ውጪም። ጉድጓዱ ውስጥ ከ0.7 ሚ.ሜ በታች ከሆነ ሌቭል አታድርግ፤ ጣትህ እንጨቱን መዳመጥ ይጀምራል፣ ያን ጊዜ ፍሬት መቀየር ነው።

ቤዝ_በሸገር | ኅዳር 16

ትረስ ሮዱን በሦስት ቀን ውስጥ ሁለት ጊዜ ሩብ ሩብ ዙር አጠበቅኩ። አሁን ሦስት ወረቀት ያልፋል፣ አራተኛው ይነካል። ብሪጁን ዝቅ አድርጌ ኢ ክር 2.6 ሚ.ሜ ሆኗል። እጄ ትናንት ማታ ልዩነቱን አውቆታል።

የፍሬት ከፍታ ጉድጓዱ ውስጥ 0.85፣ ውጪ 1.0።

14ኛው ግን አሁንም ይሞታል። ቁራጭ ማስመሪያዎቹን ሠራሁ። 14፣ 15፣ 16 ላይ በጂ ክር በኩል ቀጭ ቀጭ ይላል፣ በኢ በኩል ጸጥ ነው። ስለዚህ ከፍ ያለው 15ኛው ነው፣ በአንድ ጎኑ። በሞረድ ልምታው?

እንጨትና_ክር | ኅዳር 16

አትምታው! በአንድ ጎን ብቻ ከፍ ያለ ፍሬት መጀመሪያ የሚጠረጠረው ከቦዩ ተነሥቶ እንደሆነ ነው። የፍሬቱን ጫፍ በጣትህ ጥፍር ወይም በእንጨት ቁራጭ ወደ ታች ተጫን፤ ከሥሩ ያለው መስመር ሲዘጋና ሲከፈት ካየህ ልቅ ነው። ልቅ ፍሬት ብትሞርድ የምትሞርደው ጤናማ ብረት ነው፣ ነገ ሲቀመጥ ደግሞ ጉድጓድ ይሆንብሃል።

ቤዝ_በሸገር | ኅዳር 16

ጋሼ፣ ይንቀሳቀሳል። ፀጉር የምታህል ክፍተት አለች፣ ስጫነው ትጠፋለች። ሞረዱ እጄ ላይ ነበር።

እንጨትና_ክር | ኅዳር 16

መልካም። ከአንገቱ ሥር ጠንካራ ነገር ደግፍ፣ ፍሬቱ ላይ የደረቅ እንጨት ቁራጭ አስቀምጥና በቀላል መዶሻ ቀስ ብለህ ምታ። ከዚያ ግራና ቀኙን በወረቀት ፕላስተር ሸፍን፣ ውሃ የሚመስለውን ቀጭኑን ሱፐር ግሉ በመርፌ ጫፍ አንድ ጠብታ ከፍሬቱ ሥር አስነካ፤ ራሱ ስቦ ይገባል። በእንጨቱ ቁራጭ ተጭነህ ያዘው እስኪይዝ። የተረፈውን ወዲያው ጥረግ። ሌሎቹንም ፍሬቶች አንድ በአንድ ጫፋቸውን ፈትን፤ አንድ ከተነሣ ብቻውን አይደለም ብዙ ጊዜ።

የበረሃ_ጊታር | ኅዳር 17

ዱባይ ነኝ። እዚህ ኤሲው ቀን ከሌት ስለሚሠራ ቤት ውስጥ አየሩ ይደርቃል፤ እንጨቱ ሲኮማተር የፍሬቶቹ ጫፍ ከአንገቱ ጎን ወጥቶ እጅ ይቧጭራል። እኔ መጀመሪያ ጊታሩ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። ጫፎቹን በቀጭን ሞረድ ከጎን አስተካክዬ ተገላገልኩ። የልቅ ፍሬት ጉዳይም ከድርቀት ጋር ይያያዛል ብዬ አምናለሁ። አዲስ አበባም ከመስከረም በኋላ አየሩ ቶሎ ስለሚደርቅ፣ ወንድሜ፣ ሥራውን የምትሠራው ቤዙ አንድ ክፍል ውስጥ ሰንብቶ ከረጋ በኋላ ይሁን።

ቤዝ_በሸገር | ኅዳር 18

15ኛው ተቀመጠ፤ 18ኛውም ልቅ ሆኖ ተገኘ፣ እሱንም ለጠፍኩ። ቁራጭ ማስመሪያው 14፣ 15፣ 16 ላይ አሁን ጸጥ ብሏል። 14ኛው ላይ የጂ ክር ኖታ መሞቱን ተወ! አንድ ግራም ብረት ሳልሞርድ። አሁን የቀረኝ የ5ኛውና የ7ኛው ብቻ ነው። ለእሱ ሌቭል ማድረግ ግድ ነው?

እንጨትና_ክር | ኅዳር 18

0.15 ሚ.ሜ ጉድጓድ ነው ያለህ። አዎ፣ ይህ ግድ ነው፣ ብረቱም ይበቃሃል። እንግዲህ እውነተኛውን ሥራ እንነጋገር።

መጀመሪያ የወንድምህ ውሃ ልክ። ግንባታ ቦታ ስንት ጊዜ ወድቋል? መስታወት ቤት ሂድና ወፍራም የጠፍጣፋ መስታወት ቁራጭ ለምን፤ ውሃ ልኩን በጠርዙ መስታወቱ ላይ አቁም፣ ከኋላው የስልክ መብራት አብራ። ብርሃን የሚያሾልክበት ካለ ቀጥ አይደለም። እንደ እኔ ከሆነ ለመሞረዱ ከአሉሚኒየም ቤት 40 ሳንቲሜትር ባለ አራት ማዕዘን ወፍራም አሉሚኒየም አስቆርጥ። የብርጭቆ ወረቀት መስታወቱ ላይ ለጥፈህ አሉሚኒየሙን እየገፋህ አስተካክለው፣ ፊቱ ላይ በማርከር ያሰመርከው ሁሉ እኩል እስኪጠፋ ድረስ። ያኔ ከውድ መሣሪያ የማይተናነስ ነገር በእጅህ ይኖራል።

ክሮቹን አውጣ። ክሩ ሲወጣ አንገቱ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ስለዚህ ትረስ ሮዱን አላልተህ ፍሬቶቹ ላይ በረጅም ማስመሪያ እያየህ ፍጹም ቀጥ አድርገው። በጎንባሳ አንገት ላይ ሌቭል ብታደርግ የጉንበሳውን ቅርጽ ብረቱ ላይ ቀረጽከው ማለት ነው፤ ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። እንጨቱን በሙሉ በወረቀት ፕላስተር ሸፍን፣ ፒክአፑን (ከክሮቹ ሥር ያለውን ድምፅ መቀበያ) በጨርቅና በፕላስተር አሽግ፤ ብናኙ ገብቶ ከቀረ አይወጣም። የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ አድርግ። የፍሬት ሽቦ ኒኬል ሲልቨር ይባላል እንጂ ብር የለበትም፤ መዳብ፣ ዚንክና ኒኬል ነው፣ ብናኙን መተንፈስ የለብህም።

የፍሬቶቹን አናት በማርከር ቀባ። አሉሚኒየሙ ላይ ቁጥር 400 የብርጭቆ ወረቀት ሁለት ፊት ባለው ፕላስተር ለጥፍ። በክሮቹ መንገድ፣ ከነት ወደ ገላው፣ የአሉሚኒየሙ ክብደት ብቻ እየሠራ አስኪደው። አትጫን። ኢ ክር የሚሄድበት ላይ ጥቂት፣ ኤ ላይ ጥቂት፣ ዲ፣ ጂ፣ ከዚያ መልሰህ። የፍሬቱ ሰሌዳ ጎባጣ ስለሆነ አንድ መስመር ላይ ብቻ ከቆየህ ጠፍጣፋ መስመር ትሠራበታለህ። በየአሥር ምልልሱ ቁም እና ማርከሩን እይ። የሁሉም አናት ላይ ማርከሩ ሲነካ፣ የ5ኛው ጉድጓድ ውስጥ ያለችው ጥቁር ነጥብ ስትጠፋ፣ ያኔ አቁም።

ቤዝ_በሸገር | ኅዳር 24

ጀምሬያለሁ፣ ግን ግራ ገባኝ። ማርከሩ ከ1ኛ እስከ 16ኛ ጠፍቷል፣ 5ኛውና 7ኛው ላይ የቀረችው ነጥብ የጤፍ ፍሬ ታህላለች። ከ17ኛ እስከ 20ኛ ግን ማርከሩ እንዳለ ነው፤ አልተነኩም። እነሱ እስኪነኩ ልቀጥል?

ከሲልቨር_ስፕሪንግ | ኅዳር 24

አትቀጥል፣ ይህ የምሥራች ነው! የመጨረሻዎቹ ፍሬቶች ትንሽ ዝቅ እንዲሉ ሰዎች ሆን ብለው ይሠሩታል፤ ክሩ ከ12ኛው በኋላ ወደ ብሪጁ ሲሄድ ለንዝረቱ ቦታ እንዲያገኝ። ያንተ ከፋብሪካው እንዲህ ነው ወይም እንጨቱ በራሱ ሰጥቶሃል። ከፍ ቢሉ ነበር የምትሰጋው። እነሱን ለመንካት ብለህ 16ቱን ብታወርድ ብረት በከንቱ ታፈሳለህ። ለጤፍ ፍሬዋ ጥቂት ምልልስ ጨምርና ጨርስ።

ቤዝ_በሸገር | ኅዳር 25

ተመስገን። ጠፉ። አሁን የፍሬቶቹ አናት እንደ ኮልፌው ወንድሜ ጊታር ጠፍጣፋ ሆኗል፤ 5ኛው አካባቢ ጠፍጣፋው 1 ሚ.ሜ ያህል ነው። የክራውን ሞረድ (የፍሬት አናት መክበቢያ) የለኝም።

ጊታሪስቷ | ኅዳር 25

እኔም የለኝም። ፒያሳ የማውቃቸው አንድ ወርቅ ሠሪ ባለ ሦስት ማዕዘን ትንሽዬ ሞረድ ሸጡልኝ። ሦስቱን ማዕዘኖች መፍጫ ድንጋይ ላይ አሻሽቼ ጥርሳቸውን አጠፋሁ፣ እንጨቱን እንዳይቧጥጥ። ማርከር መልሰህ ቀባ፤ ከአንዱ ጎን አንዴ፣ ከሌላው ጎን አንዴ እያልክ ትከሻውን አውርድ። መሐል ላይ ያለችውን የማርከር መስመር በፍጹም አትንካት፤ እየቀጠነች ትሂድ፣ እንደ ክር ስትሆን አቁም። መስመሯ ከጠፋች ፍሬቱን ዝቅ አድርገኸዋል፣ የደከምክበት ሌቭል ተበላሸ ማለት ነው። እኔ አንድ ፍሬት ላይ 10 ደቂቃ እወስዳለሁ። አትቸኩል፣ ሲደክምህ ተኛና ነገ ጨርስ።

ከዚያ የብርጭቆ ወረቀት ቁጥር 600፣ 800፣ 1000፣ 1500፣ 2000 በቅደም ተከተል። ጣትህ ላይ ጠቅልለህ በፍሬቱ ርዝመት፣ ከዚያ በአንገቱ ርዝመት። የቀደመው ቁጥር ጭረት ሳይጠፋ ወደ ቀጣዩ አትለፍ። መጨረሻ ላይ አራት ዜሮ የብረት ሱፍ ካገኘህ ጥሩ ነው፤ የዕቃ ማጠቢያውን ሽቦ እንዳታስጠጋው።

የኮልፌ_ጊታር | ኅዳር 25

እኔም ከዚህ ተነሥቼ ነገ ያንን ሞረድ ልፈልግ ነው። ፍሬቶቼን ለካሁ፣ 0.9 አላቸው። ተስፋ አለው ማለት ነው አይደል?

እንጨትና_ክር | ኅዳር 26

አለው እንጂ! ሌቭሉ ደህና ከሆነ ያንተ የቀረው መክበብ ብቻ ነው። በቁራጭ ማስመሪያ መጀመሪያ ፈትነው።

ቤዝ_በሸገር | ታኅሣሥ 3

ጨረስኩ። መክበቡ ብቻ አራት ማታ ፈጀብኝ፣ ከሥራ ከተመለስኩ በኋላ በመብራት። አዲስ ክር አሠርኩ፣ አንገቱን ወደ 0.3 መለስኩት፣ ብሪጁን አወረድኩ። 12ኛ ፍሬት ላይ ኢ ክር 2.2 ሚ.ሜ፣ ጂ 1.8። 5ኛውና 7ኛው ንጹሕ ናቸው። ብሪጁ ላይ የክሮቹን ርዝመትም በቲውነር (የቅኝት መለኪያ) እንደገና አስተካከልኩ፤ የ12ኛው ፍሬት ድምፅና ባዶው ክር አሁን ይስማማሉ።

ትናንት ማታ ሦስተኛው ዙር ላይ ትዝታ ተጠየቅን፣ ዝግ ያለው። 14ኛው ላይ ጂ ክር ያዝኩ። ዘፋኟ ስንኙን ጨርሳ፣ ሳክስፎኑ ገብቶ፣ ኖታው እንዳለ ነበር። ከበሮ መቺው ዞሮ አየኝ። ዓይኔ እንባ ሞላ፣ አልደብቃችሁም።

አንድ ነገር ብቻ፦ 1ኛ ፍሬት ላይ ከበፊቱ ጠንከር ብሎ ነው የሚጫነው። ሌላው ሁሉ ሲለሰልስ እሱ ለምን?

እንጨትና_ክር | ታኅሣሥ 3

ደስ ብሎኛል ልጄ፣ እጅህ ይባረክ።

የ1ኛው ነገር ነቱ ነው። ፍሬቶቹን አወረድክ፣ ነቱ ግን ባለበት ቀረ፤ ስለዚህ ከፍሬቱ አንጻር ከፍ አለ። 3ኛው ፍሬት ላይ ተጫንና 1ኛው ላይ ያለውን ክፍተት እይ። አንድ ወረቀት ብቻ የሚያልፍ ከሆነ ተወው። ሁለት ወረቀት በልቅነት ከገባ ቦዩን ማጥለቅ ያስፈልጋል፤ በክሩ ውፍረት ልክ፣ ወደ መቃኛ ቁልፎቹ በኩል ዘቅዘቅ አድርገህ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ሞርደህ መልሰህ እየለካህ። ቦዩ ከልክ በላይ ከጠለቀ ባዶው ክር መንጫጫት ይጀምራል። ለክተህ ንገረኝና አብረን እናየዋለን።

ቤዝ_በሸገር | ታኅሣሥ 4

አንድ ወረቀት ያልፋል፣ ሁለተኛው ኢ ላይ ይገባል፣ ሌሎቹ ላይ አይገባም። የኢን ቦይ ብቻ ነዋ?

እንጨትና_ክር | ታኅሣሥ 4

እሷን ብቻ።

ቤዝ_በሸገር | ሐምሌ 2

ለሚያነብ ሰው ልጨምር ብዬ ነው። ክረምቱ ከገባ ወዲህ አንገቱ ተንቀሳቅሷል፤ 0.3 የነበረው 0.4 ሆነ። ትረስ ሮዱን ከሩብ ዙር ያነሰ አጠበቅኩት፣ ተመለሰ። ፍሬቶቹ ላይ ቁራጭ ማስመሪያውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አስኬድኩ፣ የትም ቀጭ አላለም። ሞረዱ መሳቢያ ውስጥ ነው። ጊታሪስቷ፣ ያንቺን የወርቅ ሠሪ ሞረድ የምታውሺኝ ከሆነ የወንድሜን ልጅ ጊታር ልጀምርለት ነው፤ መጀመሪያ ግን አንገቱን እየለካን ነው።